ከፍርዱ ቀን በፊት

በዛሬው አምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ ስሙን እንኳ ሲጠሩበት የማይወደው ነው። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ ሲገኝ ፍርዱ እንዴት ይሰጣል? ያንን ፍርድ የምትጠብቅ እናትስ ምን ማወቅ ይገባታል?

በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙም ሆነ በሰቃ፣ የነፍስ ግድያ ክስ በሚሰማበት ዕለት በችሎቱ ደጅ ሁለት ወገን ለየብቻ ይቀመጣል። በአንደኛው በኩል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ የሟች ዘመዶች አሉ። በሌላው በኩል አንገታቸውን የደፉ የተከሳሽ ዘመዶች አሉ። በሁለቱም በኩል እናት አትጠፋም። አንደኛዋ ልጅዋን ቀብራለች፤ ሁለተኛዋ ልጅዋን በካቴና ታስሮ ሲገባና ሲወጣ ታያለች። የአእምሮ ሕመም ባለበት ጉዳይ ግን አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ እናቶች አንዲት ሴት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። የሞተውም የገደለውም የእርስዋው ልጅ ነው። ይህችን ሴት ጎረቤት እንኳ ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ይቸገራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህችና ለመሰሎችዋ አንድ ነገር ለማስታወስ ነው። ዳኞቹ እውነቱን እንዲያገኙ ከሚያስችለው ማስረጃ ውስጥ ታላቁ ክፍል ያለው በፖሊስ መዝገብ አይደለም፤ በቤት ውስጥ፣ በእናት ትዝታና በሣጥንዋ ውስጥ ባለው የሆስፒታል ካርድ ነው።

ፍርዱን የሚሰጠው ማነው?

በፊልም እንደምናየው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በከባድ ወንጀል ላይ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ጁሪ የሚባሉ፣ ከተራው ሕዝብ መካከል ተመርጠው የሚምሉ፣ ብዙውን ጊዜ 12 የሆኑ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ማስረጃውን ከሰሙ በኋላ በአንድ ክፍል ተዘግቶባቸው ይመክራሉ። ቤተሰቡም በሩ እስኪከፈት ድረስ በሰዓትም በቀንም የሚቆጠር ጊዜ ይጠብቃል።

በአገራችን ጁሪ የለም። ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመረምሩት ዳኞች ናቸው፤ በአንድ ችሎት የተሰየሙት ዳኞች በሐሳብ ቢለያዩ የድምፅ ብልጫ ያለው ይጸናል። ስለዚህ የእኛ አገር እናት የምትጠብቀው የሚከፈት በር ሳይሆን ቀጠሮ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ለማሰማት ቀጠሮ፣ የቀረ ምስክር በፖሊስ ለማስቀረብ ቀጠሮ፣ የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ ቀጠሮ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያልቅ ዳኞቹ ማስረጃው አልበቃንም ካሉ ተከሳሹን በነፃ ያሰናብታሉ፤ በቅቶናል ካሉ «ተከላከል» ብለው ያዝዛሉ። «ተከላከል» ሲባል አያሌ ቤተሰቦች «ተፈረደበት» ብለው ሲጮኹ ይታያሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የሕመሙ ታሪክ በተከሳሹ ምስክሮች አፍ በሰፊው የሚነገረው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ፍርዱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ጥፋተኛ ከተባለ ደግሞ የቅጣቱ ውሳኔ ይከተላል።

ሕጉ የሚጠይቀው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እንደደነገገው፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ምክንያት የሚሠራውን ነገር ምንነት ወይም ውጤቱን ፈጽሞ መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ቢረዳም ራሱን ሊገዛ ፈጽሞ ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ አይሆንም፤ አይቀጣምም። በአንቀጽ 49 መሠረት ደግሞ ይህ ችሎታው በከፊል ብቻ የተጓደለበት ሰው በከፊል ኃላፊ ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱም ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ።

እዚህ ላይ «ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ» የሚለውን ቃል ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ጥያቄው «ይህ ሰው ታሞ ያውቃልን?» አይደለም። ከ10 ዓመት በፊት ጨርቁን ጥሎ የነበረ ሰው ድኖ፣ አእምሮውም ተመልሶ ሳለ በንብረት ጠብ ሰው ቢገድል እንደማንኛውም ሰው ይጠየቃል። በሌላው በኩል ዛሬ በችሎት ፊት በእርጋታ የሚመልስ ተከሳሽ በዚያች ዕለት አእምሮው ከእርሱ ጋር ያልነበረ ሊሆን ይችላል። በማረሚያ ቤት መድኃኒት ሲወስድ ከርሞ የተሻለውን ሰው ዳኞቹ በዓይናቸው አይተው ብቻ ሕመሙን ሊያውቁት አይችሉም።

ይህን ስለሚያውቅ ሕጉ በአንቀጽ 51 ዳኞቹን ያስገድዳል። የተከሳሹ አእምሮ ጤንነት የሚያጠራጥር ምልክት ሲታይ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ ማዘዝ አለበት፤ ስለ ሰውየው ያለፈ ሕይወትና ጠባይም ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝ ይችላል። የሐኪሙ ሥራ ሕመሙን ማረጋገጥ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ኃላፊ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። እንዲህ ያሉ ተከሳሾች ለምርመራ ከሚላኩባቸው ቦታዎች ዋናው በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ውጤት ይዞ እስኪመለስ ድረስ ቀጠሮው ቢረዝም የሚያስገርም አይደለም።

«ኃላፊ አይደለም» ማለትስ «ወደ ቤቱ ይሂድ» ማለት ነውን? የሟች ወገኖች ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ሕጉ ግን ለዚህ መልስ አለው። ሰውየው ለሰው አስጊ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ በሆነ ተቋም ተይዞ እንዲታከም ያዝዛል። ለዚህ የተወሰነ ዓመት የለውም፤ ፍርድ ቤቱ በየ2 ዓመቱ ጉዳዩን እንደገና ይመለከተዋል። አስጊ ካልሆነ በተመላላሽነት እንዲታከም ሊያዝለት ይችላል።

ስለ መጠጥና ስለ ጫት ብዙ ጊዜ ስለምንጠየቅ አንድ ቃል እንጨምር። ወንጀል ለመሥራት አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ከቅጣት አያመልጥም። ምርቃናና ስካር ለሕጉ እንደ አእምሮ ሕመም የሚቆጠሩ ማመካኛዎች አይደሉም።

ሁለት ፍርድ ቤቶች፣ አንድ ሰው

የሕክምና ማስረጃ የቱን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ፣ ነፍስ ያልጠፋበት ግን በዓለም ሁሉ የተወራ ጉዳይ ከአገራችን እንጥቀስ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ዋናው አብራሪ ከክፍሉ ሲወጣ በሩን ከውስጥ በቆለፈው ረዳት አብራሪ እጅ ወደ ጄኔቭ ተወስዶ አረፈ። በውስጡ ከነበሩት ከ200 በላይ ሰዎች አንድም አልተጎዳም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የሰውየው ሁኔታ መለወጡ ከቤተሰቡ ወገን የተሰማው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነበር።

የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን ተከሳሹ በሌለበት ሰምቶ በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም. 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። የስዊስ ፍርድ ቤት ግን ሰውየው በእጁ ስለነበረ በሐኪሞች አስመረመረው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሕመሙ ምክንያት በወንጀል ኃላፊ እንዳልሆነ ወስኖ እንዲታከም አዘዘ። የ1949ን ሕጋችንን ያረቀቁት የጄኔቩ ምሁር ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን እንደነበሩ ስናስታውስ፣ የሁለቱ አገሮች ሕግ በዚህ ጉዳይ እንግዳና ባዳ እንዳልሆነ እንረዳለን። በአንደኛው ችሎት የተመረመረ ሕመምተኛ ነበረ፤ በሌላው ችሎት ግን ከክሱ ወረቀት በቀር ሐኪም የሚያየው ሰው አልነበረም።

የሂዩስተንዋ እናት

ከባሕር ማዶ የምንጠቅሰው ደግሞ በተለይ ለወላዶች የሚነገር ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ አንድሪያ ዬትስ የተባለች እናት እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2001 አምስት ልጆችዋን በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አሰጠመች። ትልቁ የ7 ዓመት፣ ትንሽዋ የ6 ወር ሕፃን ነበሩ። ከዚያም ራስዋ ለፖሊስ ደወለች።

ይህች ሴት ከአራተኛው ልጅዋ በኋላ በብርቱ ታምማ፣ ራስዋን ለመግደልም ሞክራ ነበር። ሐኪምዋ ሌላ ልጅ ብትወልድ ሕመሙ ሊመለስባት እንደሚችል አስጠንቅቃ ነበር። አምስተኛዋ ተወለደች። ብዙም ሳይቆይ አባትዋ ሞተ፤ ሕመሙም አገረሸ። ሆስፒታል ገብታ ወጣች፤ አደጋው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ትወስደው የነበረው ዋናው መድኃኒት ተቋረጠ። የዚያን ዕለት ባልዋ ወደ ሥራው ሲሄድ አማትዋ እስክትመጣ ብቻዋን ከልጆቹ ጋር የቆየችው አንድ ሰዓት ያህል ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 የተሰየሙት 12 ሰዎች አራት ሰዓት ሳይሞላ መክረው ጥፋተኛ ናት አሉ፤ ዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደባት። በ2005 ግን ለዐቃቤ ሕግ የመሰከረው ሐኪም እውነት ያልሆነ ነገር መናገሩ ስለታወቀ ፍርዱ ተሻረ። በሐምሌ 26 ቀን 2006 ሌሎች 12 ሰዎች ለሦስት ቀናት ሲመክሩ ቆይተው፣ በሕመምዋ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለችም አሉ። ወደ ቤትዋ ግን አልሄደችም፤ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ተወሰደች። ያው ድርጊት፣ ያችው ሴት፣ ሁለት ፍርድ። አምስቱ ሕፃናት ግን በየትኛውም ፍርድ አልተመለሱም።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ይህ ብርቱ ሕመም ከ1,000 ወላዶች አንዲትን ወይም ሁለትን የሚይዝ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም ገንፎ በሚበላበትና እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ነው። አራሷ እንቅልፍ አጥታ ስታድር፣ ስትቀባዥር፣ «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» ወይም «ልጄን ሊወስዱት ነው» ስትል ብርድ መታት፣ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዝ፤ እርስዋም ብቻዋን አትተው፤ በዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ትወሰድ። ሲታከም የሚድን ሕመም ነው። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 544 በምጥ ላይ ያለች ወይም ከምጡ ሁኔታ ገና ያልወጣች እናት በሕፃንዋ ላይ የምታደርሰውን ግድያ ከሌላው ግድያ ለይቶ፣ ቅጣቱን በቀላል እስራት የወሰነው ይህን የሰውነት ድካም ተመልክቶ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደበቀው

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን እንረሳዋለን። እስቲ እንበል፣ በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ ቀበሌ የምትኖር፣ ቡና በመልቀም ልጆችዋን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች። የ20 ዓመት ልጅዋ ትምህርቱን ትቶ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሌሊት ያወራል፤ «ይከታተሉኛል» ይላል፤ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ «መርዝ አለበት» ብሎ ይመልሳል። እናት ምን ታደርጋለች? ቃሉ ከሰፈር እንዳይወጣ በሩን ትዘጋለች። እኅቱ የታጨች ከሆነች ደግሞ «እብድ ያለበት ቤት» እንዳይባል ምስጢሩ ይበልጥ ይጠበቃል። በመጨረሻ ሲብስ በገመድ ወይም በሰንሰለት ይታሰራል።

ይህ ሕመም እንደምናስበው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በቡታጅራና በአካባቢው ከ68,000 በላይ ሰዎችን ያዳረሰው ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከ1,000 ሰው 5 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ እንደያዘው አሳይቷል። በእያንዳንዱ ቀበሌ ስንት ቤት እንደሚዘጋ ከዚህ መገመት ይቻላል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ይልቁንም በመንገድ ድንጋይ የሚወረወርባቸው እነርሱ ናቸው። አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሕክምና ባልተጀመረበት ወይም በተቋረጠበት፣ ድምፅ የሚያዝዘው ወይም «ሊገድሉኝ ነው» የሚለው ሐሳብ በጠናበት፣ መጠጥና ጫትም በተጨመረበት ጊዜ ነው።

የጅማ አካባቢ እናቶች በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የአገራችን እናቶች የተሻለ ዕድል አላቸው። የጅማ ሆስፒታል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ሲሰጥ የኖረ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያ የሚያሠለጥንበት ቦታ ነው። እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉት ክኒኖች የቆዩና የታወቁ ናቸው፤ በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግረው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒትም አለ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ነገር ግን ክኒኑ አይቋረጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

ችግሩ መጀመር ብቻ አይደለም፤ መቀጠልም ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ለቀማ ይወጣል፤ «አሁን እኮ ደኅና ሆኗል» ይባልና የሐኪም ቀጠሮ ያልፋል። ደኅና የሆነው በመድኃኒቱ መሆኑ የሚታወሰው ካገረሸ በኋላ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚከታተል አንድ ሰው በቤት ውስጥ ይመደብ። ሕመሙ ሲነሣ መጥረቢያ፣ ገጀራና ቢላዋ ከዓይን ይሠወር፤ ትንንሽ ልጆች ከሕመምተኛው ጋር ብቻቸውን አይተዉ። «እገድላለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ዛቻ ነው፣ ቀልድ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ለጎረቤትና ለፖሊስ ነግሮ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ

አደጋው አንዴ ከደረሰ ግን እናት ምን ማድረግ ትችላለች? የሚከተሉትን ምክሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፤ የሆስፒታል ካርዱን፣ የመድኃኒት ማዘዣውንና ባዶውን ብልቃጥ ሳይቀር አትጣሉ። ካርዱ ከጠፋ ሆስፒታሉ መዝገብ አለውና ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሕመሙ ለፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ በቃላችሁም ውስጥ መጻፉን አረጋግጡ። ከዓመት በኋላ «ለካ ታሞ ነበር» ማለት የተፈጠረ ሰበብ ይመስላል።

ሦስተኛ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ እንዳይጓደልበት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሕመሙን ለተከላካይ ጠበቃው አስረዱት፤ የሐኪም ምርመራ እንዲጠይቅላችሁም አሳስቡት።

አራተኛ፤ ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት ሁኔታውን ያዩ ሰዎችን አስታውሱ። አብሮት ጸበል የተቀመጠ፣ ሌሊት ሲጮህ የሰማ ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ አስተማሪው፤ ከእነዚህ የሚገኘው ቃል ነው ሐኪሙ ያችን ዕለት መልሶ እንዲያያት የሚረዳው።

አምስተኛ፤ አታጋንኑ፤ ያልነበረውንም አትጨምሩ። ባለሙያ ለሳምንታት የሚከታተለው ሰው የማስመሰል ሕመም ሊያቆየው አይችልም፤ አንድ ውሸት ደግሞ እውነተኛውን ታሪክ ያበላሻል።

ስድስተኛ፤ ተከሳሹ በጣቢያም ሆነ በማረሚያ ቤት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት ለኃላፊዎቹ አሳውቁ።

ለሟች እናትም የምንለው አለን። «ኃላፊ አይደለም» የሚለው ፍርድ የልጅሽን ነፍስ ዋጋ የሚያሳንስ አይደለም። ፍርድ ቤቱ የሚለው ሞትሽ ሐሰት ነው ሳይሆን፣ የሚቀጣ ልብ በዚያች ሰዓት አልነበረም ነው። በጅማ አካባቢ በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው የእርቅ ሥርዓት ሁለቱን ቤተሰብ ከበቀል ሲጠብቅ የኖረ ታላቅ ቅርስ ነው። የፍርድ ቤቱን ሥራ አይተካም፤ ከፍርዱ በኋላ በአንድ ገበያ መገናኘት ለማይቀርላቸው ሁለት ቤቶች ግን ፍርድ የማይሰጠውን ሰላም ይሰጣል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፤ በየቤታችሁ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቢኖር፣ ወይም በአራስ ቤት የምትቀባዥር ወላድ ብትኖር ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። በጎረቤታችሁ ቤት ቢሆንም «ምን አገባኝ» አትበሉ፤ አብራችሁ ሂዱ። የሐኪሙን ቀጠሮ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ቡና ለቀማ ቢሆንም፣ ገበያ ቢሆንም አይለፍ። የሐኪም ቀጠሮ የረሳ ቤት አንድ ቀን የችሎት ቀጠሮ እንዳይቆጥር።